ጉዴአ ያስቆመው ልቅሶ

ስንታየሁ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ የቆጠረችው ወንበሮቹን ነበር። ሦስት ናቸው፤ ግድግዳ ተደግፈው ፊታቸውን ወደ መሐል አዙረዋል። መሐሉ ላይ ፍራሽ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ፍራሹ ላይ ሁለት ትራስ፣ በአንደኛው ትራስ ላይ ደግሞ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሶፋው መኝታ ቤት ገብቷል፣ ቴሌቪዥኑ አንሶላ ለብሷል፣ የግድግዳው ፎቶዎች ሁሉ ወርደዋል። አንድ ትሪ ላይ አራት ብርጭቆ ተደፍቷል፤ አጠገቡ ያለው ጆግ እስከ አፉ ውሃ እንደሞላ ነው።

አስከሬኑ ትናንት ወጥቷል። ጋሽ እሸቱ የሰባ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። ሰኞ ቀትር ላይ ልጃቸው እሌኒ ስትመጣ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው አገኘቻቸው። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ፖሊሶቹ አዩና ሽማግሌው ዕቃ ሲያጓጉዙ ልባቸው ቀጥ አለ ብለው ጽፈው ሄዱ። አይፈረድባቸውም። የፖሊስ ማሠልጠኛ የለቅሶ ቤት ምን እንደሚመስል አያስተምርም።

ስንታየሁን ግን ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። አሁን ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ሥር የሴኩሪቲ ዩኒፎርም ለብሳ የምትቀመጥ የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ስለ ድሮ ሥራዋ ማውራት አትወድም፤ ሐበሻው ግን ሰምቷል። የጠፋ ፓስፖርትም የጠፋ ባልም ወደ እሷው ይመጣል። የሞተ ሰው ሲመጣባት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እትዬ ስንታየሁ፣ የገደለውን ሰው ይፈልጉልኝ» አለች እሌኒ። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ደረቅ ነው።

«ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሎ የለም እንዴ?»

«ልቡ መቆሙንማ አውቃለሁ። ማን እንዳቆመው ነው የማላውቀው። ክፍሉን አላዩትም? ሰው መጥቶ መርዶ ነግሮት ሄዷል። ያለ እኔ! ለብቻው!»

«የማንን መርዶ?»

እሌኒ ወንበሩ ላይ ልትቀመጥ ብላ ተወችው፤ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። ወንድሟ ዮሴፍ አዲስ አበባ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በጥር ወር መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው፤ አላደረም። እሌኒ አባቷን ኦታዋ ለሥልጠና እሄዳለሁ ብላ ተሰናብታ፣ አዲስ አበባ በርራ ወንድሟን ቀብራ ተመለሰች። አውሮፕላን ማረፊያው መታጠቢያ ቤት ፊቷን ታጥባ፣ ኦታዋ በጣም ይበርዳል እያለች ገባች።

«ልቡ ደካማ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ሊያልቅ ነበር። የጥንት ጽላት መርማሪ የነበረ ሰው፣ እዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለእንጀራው የሰው መኪና እያቆመ ስለ ጉዴአ፣ ስለ አንድ የጥንት ገዥ የጻፈው መጽሐፍ ነው። እስኪያልቅ እንቆይ ተባባልን።»

«እነማን?»

«አራት ነን የምናውቀው። እኔ፣ ጎረቤቱ ዙበይር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም ብርሃኔ፣ ጽሑፉን የሚተይብለት ፍጹም።»

«አራት ወር ሙሉ ልጄ ለምን አይደውልም አላሉም?»

እሌኒ ጣቶቿን አየች። «የዮሴፍን ስልክ ይዤው ነው የመጣሁት። ገጠር ተመድቤያለሁ፣ ኔትወርክ የለም እያልኩ በሱ ስም ቴክስት የማደርግለት እኔ ነኝ።»

ስንታየሁ በማንም ላይ በመጀመሪያው ቀን አትፈርድም፤ ድሮም ልማዷ ነው። የአባትየውን ስልክ ተቀብላ መልእክቶቹን ወደ ላይ እየገፋች አነበበች። በብርዱ ወራት የጻፏቸው ቁጡ ናቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ድምፅህን አሰማኝ እንጂ! እንደ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ሆነ እኮ ነገራችን።» ኤፕሪል አሥራ ስምንት ቀን እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ ደጃፋችን ሥር የቀበርነው ምስማር ደህና ነው?» መልሱ ከሥሩ አለ፦ «ደህና ነው አባዬ። ትናንት አየሁት፣ አታስብ።»

ከዚያ በኋላ ቁጣው የለም። «ልጄ፣ የሌሊት ሥራ እንዳይጥልህ። ስትገባ ሳትበላ አትተኛ።» ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ብዙ ነገር ብቻህን ተሸክመሃል። እግዚአብሔር ያበርታህ።»

«የምን ምስማር ነው?» አለች ስንታየሁ።

«እኔ እንጃ። በልጅነታቸው የቀበሩት ነገር ይሆናል፤ የሁለቱን ጨዋታ እኔ መቼ አውቄው። አዎ ብል ደስ ይለዋል ብዬ ነው።»

መስኮቱ ሥር ያለው የሥራ ጠረጴዛ አልተነካም። መደርደሪያው ላይ ጣት የሚያካክሉ የሸክላ ምስማሮች በርከት ብለው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላይ የጥንት ጽሕፈት ተጭሯል። አንዱ ብቻ ለብቻው፣ ከመብራቱ ሥር ተቀምጧል። ጠማማና አናቱ የተሸረፈ ነው፤ ጎኑ ላይ የትንሽ ልጅ አውራ ጣት አሻራ ጠልቆ ይታያል። ከሱ አጠገብ እርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ። ስንታየሁ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ገና ያልደረቀ የጭቃ ጽላት አየች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ከላይ ያለው መስመር በእርጥብ ጣት ተዳምጦ እንደገና እንደተጻፈበት ለማየት ማንበብ አያስፈልግም።

«ይህን ጨርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ ርጪበት። እንዳይደርቅ» አለቻት።

ዙበይር የሚኖረው ከጎን ባለው በር ነው፤ የሴንት ጄምስ ታውን ሕንፃዎች ግድግዳቸው ስስ ነው። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። ስንታየሁን ሲያይ ገና ሳትጠይቀው ተናገረ።

«በአላህ ስም፣ እኔ አልነገርኳቸውም። ለነገሩ ከጥር ወዲህ ገብቼም አላውቅ። ድሮ በየቀኑ ነበር የምንገናኘው።»

«ለምን አይገቡም?»

«ፊቴ ይናገርብኛላ! እኔ ውሸት አልችልበትም። ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው መጽሐፉ መቼ ነው የሚያልቀው እላለሁ፣ ሮጥ ብዬ እገባለሁ። ሁላችንም እሱን ነበር የምንጠይቃቸው።»

«ሰኞ ማለዳ የሰሙት ነገር አለ?»

«ለሱብሂ ሶላት ስነሣ ወንበር ሲጎተት ሰምቻለሁ። ግን እሱ አዲስ አይደለም፤ ቅዳሜም እሑድም እንደዚያው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጎተታል፣ ረፋዱ ላይ መልሶ ይጎተታል። ሰኞ ግን ሲመለስ አልሰማሁም።»

«የሰው ድምፅስ?»

ዙበይር አሰበ። «የሰው ድምፅ አልነበረም። ላንኳኳ ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት። ተመለስኩ።»

ብርሃኔን ያገኘችው ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እሌኒ ከሁሉ የምትጠረጥረው እሱን እንደሆነ ያውቃል፤ ምክንያቱም ባለፈው ወር «አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ» ብሎ በስልክ ጮኾባታል።

«ብዬአለሁ፣ አልክድም። ያማል እህቴ፣ አብረኸው እየጸለይክ መዋሸት። አንድ እሑድ "ስለ ዮሴፍ ጤንነት ጸልዩልኝ" ሲል ጉባኤው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ።»

«እና ሰኞ ሄደው ነገሯቸው?»

«ሰኞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሬ መንገድ ላይ ነበርኩ። አለቃዬን ይጠይቁት።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እሑድ ከአምልኮ በኋላ ክንዴን ይዞ "ነገ ማለዳ ሥራ አለህ?" አለኝ። አለኝ አልኩት። "ምንም አይደለም" ብሎ ለቀቀኝ። ምን ፈልጎ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።»

ፍጹም የሃያ ሰባት ዓመት ተማሪ ነው፤ በተማሪ ፈቃድ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። የተተየበውን መጽሐፍ በወረቀት ይዞላት ወደ ጋሽ እሸቱ ቤት መጣ፤ ስንታየሁ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠችው።

«እስቲ ስለዚህ ጉዴአ ስለምትሉት ሰው ንገረኝ። እኔ የማውቀው ንጉሥ ጥቂት ነው።»

«ንጉሥ አይልም ራሱን» አለ ፍጹም፤ መጽሐፉ ሲነሣ ፊቱ ትንሽ በራ። «ከአራት ሺህ ዓመት በፊት በሱመር ምድር የላጋሽ ገዥ ነበር። ሌሎቹ ስንት ሰው እንደገደሉ ያስጽፋሉ፤ እሱ ምን እንደሠራ ነው በብዛት ያስጻፈው። ቤተ መቅደስ ሥራ የሚል ሕልም አየ፤ ፍቺውን እስኪነግሩት ድረስ ተንከራተተ። የመጀመሪያውን ጡብ በራሱ አናት ተሸከመ። ሐውልቶቹ ዛሬም አሉ፤ አብዛኞቹ እጃቸውን አጣምረው ነው ያሉት። ጋሼ "ይህ ሰው ማንን እንደሚጠብቅ ባወቅኩ" ይሉ ነበር።»

«ሌላስ ምን አስጻፈ?»

«ሕግ አለ። ቤቱ እስኪያልቅ በከተማው መቃብር አልተቆፈረም፣ ሬሳ አልተቀበረም፣ አልቃሽ ድምፅዋን አላሰማችም ይላል። ለእሌኒ ይህን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ዮሴፍ በሞተ ሰሞን። "እኛም እንደዚህ እናድርግ" አለች።»

ስንታየሁ ጠማማውን ምስማር አነሣች። «ይህስ?»

«ያ የዮሴፍ ነው። የጥንት ገዥዎች በሠሩት ቤት መሠረት ውስጥ ስማቸውን ጽፈው ምስማር ይቀብሩ ነበር። ዮሴፍ በሰባት ዓመቱ ከጋሼ ጋር ሠርቶት ደጃፋቸው ሥር ቀበሩት። ሰፈሩ ሲፈርስ ቆፍሮ አወጣውና ወደዚህ ስመጣ ለአባቴ ስጥልኝ ብሎ ሰጠኝ። በካልሲ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት።»

ስንታየሁ ምስማሩን ቀስ ብላ መለሰችው። ከዚያ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «መጽሐፉ ከሁለተኛው ገጽ ይጀምራል። አንደኛው የታለ?»

ፍጹም ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ልጄ፣ እኔ በጣም ብዙ ዝም ያሉ ሰዎች ፊት ተቀምጫለሁ። አልቸኩልም።»

«መታሰቢያው ነበር» አለ በመጨረሻ። «የዚያን ዘመን ሰው ለአምላኩ ስጦታ ሲሰጥ "ስለ እገሌ ሕይወት" ብሎ ይጽፍበታል። ጋሼ "ስለ ልጄ ስለ ዮሴፍ ሕይወት" ብለው ነበር። ኤፕሪል አሥራ ዘጠኝ ቀን ደውለው አውጣው አሉኝ። ሌላ እሰጥሃለሁ አሉ። ለምን ብዬ... አልጠየቅኩም።»

ማታ ወደ ቶርንክሊፍ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ስንታየሁ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። ነገሩ ገብቷታል፤ ባይገባት ደስ ባላት። ለእሌኒ የምትነግራት ሌላ ታሪክ ፈልጋ ነበር። ማንም አልመጣም፣ በቃ ልባቸው ደክሞ ነው ብትላት ማን ያውቃል? ልጅቷ ከዚህ በኋላ የምትኖረው በሚነገራት ነገር ነው። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የሞተው እንዲህ ያለ አሳቢነት ከቦት ነው። ስልኳን አውጥታ ለአራቱም አንድ መልእክት ላከች፦ ሐሙስ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጋሽ እሸቱ ቤት።

ሐሙስ ማለዳ ሁሉም መጡ። ክፍሉ እንዳለ ነው። እሌኒ ከሺፍቷ በቀጥታ መጥታ ኮቷን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ቆመች። ሦስቱ ወንዶች ወንበሮቹን አይተው ለመቀመጥ አመነቱ።

«ተቀመጡ» አለች ስንታየሁ። «የእናንተው ናቸው።»

ተቀመጡ።

«እሌኒ ማን መጥቶ ነገረው ብላ ጠየቀችኝ። ከውሃው ልጀምር። ጆጉ ሙሉ ነው፣ ብርጭቆዎቹ አልተነኩም። መርዶ ነጋሪ ቢመጣ በሚወድቀው ሰው ፊት ላይ ውሃ ይረጫል። እዚህ ቤት የተረጨ ውሃ የለም። ሁለተኛ፣ አቶ ዙበይር ሦስት ማለዳ ወንበር ሲጎተት ሰምተዋል። አንድን ሞት ሦስት ቀን እየተመላለሰ የሚያረዳ ሰው አላውቅም። ሰኞ ማለዳ ማንም አልመጣም። ቅዳሜም እሑድም ማንም አልመጣም።»

«ታዲያ ይህን ማን አነጠፈው?» አለች እሌኒ።

«አባትሽ። የለቅሶ ቤቱን ራሳቸው አዘጋጅተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ በሩን ሳይቆልፉ ተቀመጡ። ሰው ሳይመጣ ሲቀር ረፋድ ላይ መልሰው አነሡት። በማግስቱ እንደገና። ስለዚህ ያውቁ ነበር። ጥያቄው ከመቼ ጀምሮ የሚለው ነው።»

ወደ ፍጹም ዞረች። «ያ "ስለ እገሌ ሕይወት" የሚለው፣ ለሞተ ሰው ይጻፋል?»

«አይጻፍም» አለ ፍጹም አንገቱን ደፍቶ። «ዕድሜው እንዲረዝም ነው። በሕይወት ላለ ሰው ብቻ ነው። የዚያን ቀን ጠርጥሬ ነበር። ፈራሁ።»

«ኤፕሪል አሥራ ዘጠኝ። እንግዲህ በዋዜማው ምን ሆነ?» ስንታየሁ ጠማማውን ምስማር ከመብራቱ ሥር አንሥታ መዳፏ ላይ አሳየቻቸው። «ጋሽ እሸቱ ለዮሴፍ፣ ደጃፋችን ሥር የቀበርነው ምስማር ደህና ነው ወይ ብለው ጻፉ። ይህ ነው ምስማሩ። ይህ አሻራ የዮሴፍ ነው። ሲጽፉ እዚሁ ፊት ለፊታቸው ነበር። ቆፍሮ የላከላቸው ራሱ ዮሴፍ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነተኛውን ጽላት ከአስመሳዩ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለመልእክቱም ፈተና አዘጋጁለት። መልሱ "ደህና ነው፣ ትናንት አየሁት" የሚል ሆነ።»

እሌኒ ግድግዳውን ያዘች። ብርሃኔ ሊነሣ ሲል ስንታየሁ በእጇ አስቀመጠችው።

«እኔ ነኝ» አለች እሌኒ። «እኔ ነኝ የነገርኩት። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«የነገርሽው አንቺ ነሽ። ሳታውቂ። ይህን ከአንቺ አልደብቅም፤ የተደበቀው ይበቃል። ግን አስጨርሺኝ፣ ገና ግማሹ ነው።» ስልኩን አወጣች። «ከዚያ ቀን በኋላ የጻፉትን ስሚ። "የሌሊት ሥራ እንዳይጥልህ። ስትገባ ሳትበላ አትተኛ።" ዮሴፍ መቼ ነበር የሚያስተምረው?»

«ቀን...»

«በሌሊት የሚሠራው ማን ነው?»

እሌኒ ኮቷ ውስጥ ኩርምት አለች።

«ከማን ጋር እንደሚጻጻፉ ያውቁ ነበር። ወንድሟን ቀብራ መጥታ "ኦታዋ ይበርዳል" ያለቻቸውን ሴት ልጃቸውን በሞተው ልጃቸው ስም አይዞሽ ይሏት ነበር። ለምን ዝም አሉ? መርዶ ይነገራል እንጂ ሰው ራሱ ሄዶ ልጄ ሞቶብኛል አይደል አይልም፤ ያን ቢሉ አራታችሁንም ውሸታም ማድረጋቸው ነው። ደግሞ ሁላችሁም ስታገኟቸው መጽሐፉ መቼ ያልቃል ነው የምትሉት። መጽሐፉ እስኪያልቅ ለቅሶውን እንዳቆያችሁት ገባቸው፤ የጉዴአን ሕግ ከሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል? በሦስት ሳምንት አጣድፈው ጨረሱት። ዓርብ ዕለት ምን አሉሽ እሌኒ?»

«ቤቱ አልቋል...» አለች ግድግዳውን እንደያዘች። «"ቤቱ አልቋል፣ ከአሁን በኋላ ከተማው ማልቀስ ይችላል" አለኝ። የደስታ እንባ ማለቱ መስሎኝ ሳቅኩ። አንድ ሳምንት እንኳ ደስ ይበለው ብዬ... ቅዳሜ እንነግረው ነበር። የፊታችን ቅዳሜ።»

«እኔን ማለዳ ሥራ አለህ ወይ አለኝ» አለ ብርሃኔ። ዙበይር በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። እስከ በሩ ድረስ ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው።

ስንታየሁ ጽላቱን ከነጨርቁ አንሥታ ለፍጹም ሰጠችው። «ሌላ እሰጥሃለሁ ያሉህ ይኸው መሰለኝ። አንብበው።»

ፍጹም ጨርቁን ገለጠ። ጭቃው ለስላሳ እንደሆነ ነው፤ እሌኒ ውሃውን ሳታስታጉል ረጭታለች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ እየተንተባተበ አነበበ።

«"ለጌታው፣ ለአምላኩ፤ ቤቱን የጨረሰ እሸቱ... ስለ ልጁ..."» ቆመ። «"ስለ ልጁ ስለ እሌኒ ሕይወት ይህን ሰጠ።"»

ፍጹም ጽላቱን በጥንቃቄ ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«ሦስቱ ወንበር ለነዚህ ነው» አለች ስንታየሁ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሁለተኛው ትራስ ግን የእንግዳ አይደለም። ነጠላው የማነው?»

«የእማዬ።»

«አባትሽ ሊያለቅሱ ብቻ አልነበረም የተቀመጡት። አንቺ አራት ወር አላለቀስሽም። አጠገባቸው ቦታ ይዘውልሽ ነበር።»

እሌኒ ኮቷን አወለቀች። ጫማዋን አወለቀች። ፍራሹ ላይ፣ ባዶው ትራስ ዘንድ ተቀምጣ ነጠላውን ዘረጋችና ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ደረበችው። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ለቅሶ አይመስልም ነበር። ቀጥሎ ግን «ዮሴፌ!» አለች፤ ከዚያ «አባዬ!»፤ ከዚያ የሁለቱ ስም ተደባለቀ። ሦስቱ ወንዶች ከወንበራቸው ወርደው ከበቧት። ዙበይር እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።

ስንታየሁ ከጆጉ ውሃ በአንዱ ብርጭቆ ቀድታ የእሌኒን ፊት አበሰችላት። ኮሪደሩ ላይ የጎረቤት በሮች ሲከፈቱ ተሰማ፤ አንዲት የማታውቃት ፊሊፒናዊት አሮጊት ሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ብቅ ብላ ምን እንደሆነ በዓይኗ ጠየቀች። ስንታየሁ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላትና ገብታ አብራቸው እንድትቀመጥ በእጇ አመለከተቻት።